የስንቅ መንገድ

እሑድ ከቀትር በኋላ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያስገቡ የእግር መንገዶች በሙሉ የተማሪ ነበሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በምዕራብ ጎጃም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በጥቂት ከተሞች ብቻ ነው። ከቋሪት ደጋ፣ ከጅጋ ወዲያ ማዶ፣ ከብር ሸለቆ አፋፍ ያለ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ካለፈ ከተማ ገብቶ ቤት ይከራያል። ቤት ማለት አራት አምስት ሆነን የምንተኛባት፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ወለሏ በእበት የተለቀለቀ አንዲት ክፍል ናት። ዓርብ ትምህርት ሲያልቅ ወደየቀያችን እንወጣለን፤ እሑድ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን።

ስንቁ በማዳበሪያ ይታሰራል። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ እስከ ማክሰኞ የሚበላ የዳጉሳ እንጀራ። እናት ደስ ያላት ሰሞን በኮባ የተጋገረ ዳቦ ይጨመርበታል፤ እሱ ግን ከተማ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። ልብሳችን የታወቀው የጎጃም ቁምጣ ነው። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ ወይም በረባሶ አለ፤ ቆጣቢው ደግሞ ጫማው እንዳያልቅበት አውልቆ ከማዳበሪያው ጋር ያስረዋል። ቅርብ የሚባለው ሁለት ሰዓት ይሄዳል፤ እንደ እኔ ራቅ ያለው ሦስትም አራትም ሰዓት። ወንዝ የሞላ ዕለት ልብስን በራስ ላይ ጠቅልሎ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሻገር ነው። ማምሻውን ጅብ ስለሚፈራ የመጨረሻውን ቁልቁለት የምንወርደው በሩጫ ነበር። ውድድሩም እዚያ ላይ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ያን ማታ ውኃ ከመቅዳት ይድናል።

ይህን ሁሉ ስፖርት ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ስፖርት ማለት በሬዲዮ የሚሰማ፣ ከተሜ ቱታ ለብሶ የሚሠራው ነገር ነው። እኛ የምንሄደው ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ፣ መኪናም ስለሌለ፣ ቢኖርም የሚከፈል ስለሌለን ነው።

ከዚያች ክፍል ጓደኞቼ አንዱ ዛሬ የጤና ባለሙያ ነው። ስንገናኝ ወሬያችን ከስኳርና ከደም ግፊት አይርቅም፤ ዕድሜያችንም ወደዚያው እየወሰደን ነው። አንድ ቀን፣ «ያን ጊዜ የልብ ምታችንን የለካልን ቢኖር ይገርመው ነበር» አለኝ። በጉርምስና ዘመን ዘወትር የሚሠራ ልብ ጡንቻው ይዳብራል፤ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል፤ ስለዚህ ሰውዬው ሲያርፍ ልቡ ቀስ ብሎ ቢመታ ይበቃዋል። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞንም ሥራው ይቀልለታል። የደም ግፊትና ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በአርባና በሃምሳ ዓመት ይታዩ እንጂ መሠረታቸው ብዙ ጊዜ የሚጣለው ቀደም ብሎ ነው። ጓደኛዬ ይህን የሚያስረዳኝ ሦስተኛውን ማንኪያ ስኳር ሻዩ ውስጥ እየጨመረ ነበር።

ከሁሉ ያስገረመኝ የአጥንቱ ነገር ነው። አንድ ሰው በዕድሜው የሚያከማቸው የአጥንት ጥንካሬ አብዛኛው የሚገነባው ሃያ ዓመት ሳይሞላው ነው። በተለይ ልጅ በሚመዘዝበት፣ ሱሪው በየዓመቱ በሚያጥርበት ጊዜ። ያን ጊዜ ያልተጠራቀመ፣ በኋላ በወተትም በኪኒንም ሙሉ በሙሉ አይተካም። አጥንት ደግሞ የሚጠነክረው ሲነካ ነው። መዝለል፣ መሮጥ፣ ድንገት ዞር ማለት፣ መሬትን በእግር መምታት ይጠቅመዋል። ይህን ስሰማ የታኅሣሥ ገና ጨዋታ ትዝ አለኝ። ጤፍ በታጨደበት ማሳ ላይ ሩር ተከትሎ መሮጥ፣ መግጨት፣ መውደቅ፣ መነሣት፣ ሌላውን ሰፈር መሳደብ። ትግሉም ነበር፤ እረኛ ከብቱን ትቶ እርስ በርሱ ይተናነቃል። ነሐሴ ሲገባ ለቡሄ ጅራፍ ይገመዳል። ሙሉ ቀን ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ማታ እጁን አንሥቶ መጉረስ ያቅተዋል። ለትከሻና ለክንድ ከዚህ የበለጠ ሥራ የሚሰጥ የከተማ ጂም መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሹን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ከዚያ ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጠንከር ያለ፣ ጡንቻና አጥንት የሚያበረታ ይሁን ይላል። ስልሳ ደቂቃ! ያን ጊዜ ይህን ለእናቶቻችን ቢነግሯቸው፣ «ቀሪውን ሰዓት ምን ሊሠሩበት ነው?» ይሉ ነበር።

ከተማ ውስጥ የነበረው ስፖርት ግን ሌላ ታሪክ አለው። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመጣል። መምህሩ አንድ ኳስ ይዞ ይወጣል፤ ኳሱን ለወንዶች ይወረውርና እሱ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ሴቶቹ ልብስና ደብተር ይጠብቃሉ። አንዳንዴ መምህሩ ትዝ ሲለው፣ «እናንተም ዞር ዞር በሉ እንጂ» ይላቸዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሜዳውን አንድ ጊዜ በእርጋታ ይዞሩና ይመለሳሉ። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም። ነገሩ እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኘነው፤ እኛም ኳሱ ስለደረሰን ለምን ብለን አልጠየቅንም።

ከነዚያ ደብተር ጠባቂዎች አንዷ በቋሪት በኩል ከደጋ የምትወርድ የክፍላችን ልጅ ነበረች። እሑድ ማታ በዚያ ቁልቁለት ስትሮጥ ያየናት ሁሉ እናውቃታለን፤ የእሷ ማዳበሪያ ከእኛ ይከብዳል፣ እሷ ግን ከእኛ ትቀድማለች። አንድ ዓመት ትምህርት ቤቶች ቡሬ ላይ ሊወዳደሩ ሆነና ሯጭ ሲመረጥ አንድ ልጅ ስሟን ጠራ። መምህሩ ሳቀ፤ አስሮጣትና ሳቁን ተወ። በቀሚሷ ሥር የወንድሟን ሱሪ ለብሳ በጭነት መኪና ላይ ከእኛ ጋር ተጫነች። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ማንኩሳን እስክናልፍ ድረስ የዘፈነው ሁሉ ቡሬ ሲደርስ ድምፅ አልነበረውም። በኳስ ተሸነፍን። እሷ አሸነፈች። ከቡሬ ስንመለስ አንዱ ተነሥቶ፣ «ዞሮ ዞሮ የሴት ሩጫ ነው» አለና የኳሱን ሽንፈት ማብራራት ቀጠልን።

በሚቀጥለው ዓመት አልሮጠችም። ምክንያቱን የሰማሁት ከቤት አከራይዋ ነው። አሮጊቷ ሰው ፊት፣ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽን እየበረገድሽ ትሮጫለሽ፤ ነገ ባልሽ ሲጠይቅሽ ምን ብለሽ ልትመልሺ ነው?» አሏት። ሩጫ፣ ዝላይና ፈረስ መጋለብ የሴትን ልጅ ክብረ ንጽሕና ያጠፋሉ የሚል ፍርሃት በየቤቱ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ሐሰት መሆኑን ማንም ሐኪም ይናገራል። ያን ጊዜ ግን ሐኪም የጠየቀ የለም። ልጅቱ ሩጫውን ተወች እንጂ ማዳበሪያውን አልተወችም። ያንኑ መንገድ ያንኑ ሸክም ይዛ ስትወርድ አሮጊቷም ሌላውም ምንም አላለም። ለሥራ ሲሆን የማይነውር እግር ለደስታ ሲሆን ነውር ይሆናል፤ ይህን ሳስበው እስካሁን እናደዳለሁ።

ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም. ማታ ለክረምት እረፍት ፍኖተ ሰላም ነበርኩ። ፍልሰታ ስለሆነ ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሻይና ቆሎ ብቻ ነው፤ ሰው ግን ቴሌቪዥኑን ለማየት በሩ ድረስ ቆሟል። በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ነበር። ጥሩነሽ ዲባባ በጉዳት ስለሌለች ተስፋው ቀዝቀዝ ብሎ ጀመረ። መጨረሻው መቶ ሜትር ላይ የደብረ ማርቆሷ ልጅ መሰለች መልካሙ ከፊት ወጣች፤ ሻይ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ያሸነፈች መስሏት እጇን ለደስታ ልታነሣ ስትል ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ በጎን መጥታ በአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ቀደመቻት። ማሳይ 30 ደቂቃ ከ51.24፣ መሰለች 30 ደቂቃ ከ51.34። ሦስተኛ የገባችውም የጎጃም ልጅ ናት፤ ውዴ አያሌው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ግማሹ ለወርቁ ሲያዝን ግማሹ «ብሩም ነሐሱም የእኛው ቀዬ ነው» ብሎ ይፎክራል። እኔ ስለዚያች ስለ ክፍላችን ልጅ አሰብኩ። ሻምፒዮን ትሆን ነበር ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያውቃል። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች ጋር አንድ ዓይነት ዳገት የወጣች መሆኗ ታየኝ።

ዳገቱ ራሱ በሳይንስ የተነሣ ጉዳይ ነው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ከመቶ በላይ የኢትዮጵያ አትሌቶችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው በ1996 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት አለ። ማራቶን ሯጮቹ አትሌት ካልሆኑት ሰዎች ይልቅ ወደ ትምህርት ቤት ሩቅ መንገድ፣ ብዙውን ጊዜም በሩጫ ይሄዱ እንደነበር አገኙ። ስፖርት ጸሐፊዎች ይህን ወድደውታል፤ ድሃ ልጅ ስለሮጠ ሻምፒዮን ሆነ ማለት ጥሩ ተረት ይወጣዋል። ተረቱ የማይናገረው ግን በዚያው መንገድ የሮጡት ሌሎች ብዙ ሺህ ልጆች የት እንደደረሱ ነው። ስንቱ መንገዱ ረዝሞበት ትምህርቱን ተወ፤ ስንቷ ልጅ ጫካ ውስጥ ተጠልፋ ቀረች።

ያችን የክፍላችንን ልጅ ባለፈው ጊዜ ቡሬ አገኘኋት፤ በርበሬ ትነግዳለች። የቡሬና የአካባቢው በርበሬ ስሙ ሩቅ የተሰማ ነው፤ መጋዘኗ ውስጥ ገብተን ሁለታችንም እያስነጠስን ነው ያወራነው። ስለ መንገዱ አነሣሁላት። ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ጤናችን፣ ከጓደኛዬ የተማርኩትን ስለ ልብና ስለ አጥንት ሁሉ አወራሁ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አንተ ወንድሜ፣ እኔ ያን መንገድ አልናፍቀውም» አለች። «አንተ ቤትህ ስትደርስ ትቀመጥ ነበር። እኔ ማዳበሪያውን አውርጄ እንስራ አነሣለሁ። ሰኞ ክፍል ውስጥ የማንቀላፋው ለምን ነበር ይመስልሃል?»

መልስ አልነበረኝም። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው፤ በየቀኑ በዳገት በጀርባ ይወጣል። እሱም እንቅስቃሴ ነው። ግን በቂ ምግብና እረፍት የሌለበት ከባድ ሥራ ታዳጊን አያጎለብትም፤ ወገቧን ይጎዳል፣ እድገቷን ይጎትታል፣ የወር አበባዋን ሊያዘገይ ይችላል። ሰውነት የሚጠነክረው ከሥራው በኋላ በሚበላውና በሚተኛው ነው። እኛ ወንዶቹ ከመንገዱ በተጨማሪ ገናው፣ ትግሉና ኳሱ ነበረን፤ ደክመን የምንስቅበት ድካም። የእሷ እግሮች ግን የራሷ የሆኑት ያን ቁልቁለት ስትወርድና ቡሬ ላይ በሮጠችው ውድድር ብቻ ነው። የመንገዱን ጥቅም ስቆጥር የኖርኩት በእኔ እግር ነበር።

ያን መንገድ ስለማትናፍቀው ልጇን በባጃጅ ወደ ትምህርት ቤት ትልካታለች። መንገዱ በእግር ብዙ አይደለም፤ እሷ ግን፣ «እኔ የሄድኩት ይበቃል» ትላለች። እንዲህ የሚያስብ ወላጅ ብዙ ነው፤ እግር የድህነት ምልክት ሆኖ የቀረባቸው ሰዎች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ባጃጅ፣ ቀን ወንበር፣ ማታ ስልክ። በ2012 ዓ.ም. የወጣ የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች ጥናት ከ146 አገሮች የ1.6 ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ አሰባስቦ፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ታዳጊዎች 81 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ እንደማያደርጉ ገልጿል። ከሴቶቹ 85፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ። ድሮ በፈረንጅ አገር የሚሰማ ነገር ነበር፤ አሁን ቡሬ መጋዘን ደጃፍ ላይ ቆሞ አየሁት።

የስፖርት ክፍለ ጊዜውስ? ጠየቅኳት። ልጅቱ ሳቀች። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ማጠናከሪያ ሆኗል፤ ሒሳብ እንማርበታለን።» ከ2014ቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወዲህ፣ ከተፈታኙ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ከታወቀ ወዲህ፣ ወላጁም መምህሩም ደንግጧል። የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ጨዋታ የመሰለውን ነው። በዚህ ጉዳይ ግን የተለያዩ አገሮች ጥናቶች ሲታዩ ለሰውነት ማጎልመሻ የተሰጠ ሰዓት የተማሪን ውጤት ሲቀንስ አልተገኘም፤ ከእንቅስቃሴ በኋላ ደግሞ ትኩረት እንደሚሻሻል በተደጋጋሚ ታይቷል። ማታም እንቅልፍ ይጥማል፤ ሐሳብ የያዘው ልጅም ቀለል ይለዋል።

ሐሳብ የያዘው ልጅ ደግሞ ብዙ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የሆነውን ጦርነት አንባቢ ያውቀዋል፤ ፍኖተ ሰላምም ያን ጊዜ ነሐሴ ላይ የደረሰባትን ጥቃት አትረሳም። ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስንት መንገድ ሰው አልባ ሆነ። እኛ ጅብ ፈርተን የሮጥንበትን ቁልቁለት ዛሬ የሚፈራው በሌላ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መኪና ሲቆም ልጆች አስፋልት ላይ ሲሯሯጡ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ ግን ታዳጊን ወጥተህ ሩጥ ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ግቢ ውስጥ ገመድ መዝለል ይቻላል፤ ሰኞ ማክሰኞም አለ፤ እስክስታም ቢሆን በወጉ ለተመታ ትንፋሽ ያሳጥራል። ለልቡና ለአጥንቱ ሜዳ ይሁን ጓዳ ልዩነት የለውም።

ልጅቱ የምትፈልገው ግን ገመድ አይደለም፤ ቴኳንዶ ነው። ቡሬ ውስጥ ወጣቶች በአንድ አዳራሽ ይሰለጥናሉ፤ ከክፍሏ ሁለት ሴቶች ገብተዋል። እናትየዋ ስለ ነጩ ልብስ ዋጋ ጠየቀች፤ ቀጥሎ ስለ አሠልጣኙ፤ ቀጥሎም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እግር የሚያስከፍቱት ነገር አለ አሉ» አለችኝ። አየኋት። አየችኝ። ሁለታችንም ያቺን አከራይ አሮጊት አስታወስን መሰለኝ፣ እሷ ቀድማ ሳቀች።

«እሺ ትግባ» አለች ልጇን ሳታይ። «ግን ከጓደኞቿ ጋር ትሄዳለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ትመለሳለች። አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ደግሞ የለም።»

«እማዬ፣ ሥልጠናው የሚጀምረው እኮ አሥር ተኩል ነው» አለች ልጅቱ።

«እንግዲያው ሰዓቱን አስቀይሪያቸው።»